ሁለት ኮፍያ ለአንድ ራስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ኮንጋ

ጋሼ፣ እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከቤት ኪራይ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እሸት ቡናው መቅላት መጀመሩን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አሁን ወደ ክሱ ልግባ።

ባለፈው ስትደውል፣ «ሁለት ክለብ ትደግፋለህ አሉ፤ እውነት ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እውነት ነው ስልህ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አልክና ስልኩን ዘጋኸው። ካርድህ አልቆ ይሁን ትዕግሥትህ፣ አልለየሁም። እንግዲህ መከላከያዬን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ላስረዳህ። ቤዝቦል ይባላል። ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ሊመታ ይሞክራል፣ የቀሩት ሜዳ ላይ ቆመው የሱፍ ፍሬ ያኝካሉ። የገና ጨዋታ ያየ ሰው ዱላና ኳስ ሲያይ «ይቺንማ አውቃታለሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ምንም ሳይገባው ይነሣል። ዘጠና ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ዘጠኙ ዙር እስኪያልቅ ይጫወታሉ፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ እስኪሸናነፉ። አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን የሚያደርገው ጨዋታ 162 ነው። በትክክል ነው የጻፍኩት፣ 162። አርሰናልህ በሊጉ 38 ተጫውቶ አንተ ግማሹን ዓመት ታመህ ትከርማለህ፤ እኔ በሁለት ክለብ ስንት ጊዜ እንደምታመም አስላው።

ክለቦቼ የባልቲሞሩ ኦሪዮልስና የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ከዲላ ይርጋጨፌ ደርሶ መልስ ቢያክል ነው። እዚህ አገር ስገባ ያረፍኩት ባልቲሞር ነበር፤ ስታዲየሙ አጠገብ መኪና አስቆም ነበርና ጨዋታውን ሳላየው በጩኸቱ ብቻ ለመድኩት። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ኦሪዮልስ እየተሸነፈ እንደሆነ፣ ሲያገሣ አንዱ ኳሷን ከአጥር ውጭ እንደላካት አውቅ ነበር። በኋላ ሥራ ዋሽንግተን አገኘሁና ሐበሻ ወደሞላበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዛወርኩ። እነሆ፣ ቀለበት መንገዱ ዳር ተቀምጬ ልቤ በግራና በቀኝ ይጎተታል።

እኔ ብቻ እንዳልመስልህ። ዋሽንግተን የነበራት ክለብ እ.ኤ.አ. በ1971 (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) የውድድር ዘመን ማብቂያ ጓዙን ጠቅልሎ ቴክሳስ ገባ። ከዚያ በኋላ ለ33 ዓመታት የአገሪቱ ዋና ከተማ የቤዝቦል ክለብ አልነበራትም፤ ሕዝቡም ጨዋታ ሲያምረው ባልቲሞር ይወርድ ነበር። በ2005 የሞንትሪያሉ ክለብ ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ ናሽናልስ ሲባል፣ በአንድ ቤት አባት የኦሪዮልስን ብርቱካናማ ኮፍያ፣ ልጅ የናሽናልስን ቀይ ኮፍያ አድርገው ቁርስ መብላት ጀመሩ። ክለቦቹ ራሳቸው በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ገቢ ምክንያት ከአሥር ዓመት በላይ ሲካሰሱ ኖረው ገና በ2025 ታረቁ። የኛን ሽማግሌዎች ጠርተው ቢሆን አንድ ቅዳሜ ይበቃቸው ነበር።

«ታዲያ ሁለቱ ሲገናኙስ?» ትለኛለህ። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ኦሪዮልስ በአሜሪካን ሊግ፣ ናሽናልስ በናሽናል ሊግ ናቸው። በ2025 እርስ በርስ የተጫወቱት ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። በቀሩት 156 ጨዋታዎች ማንም ምን ሊለኝ አይችልም። በስድስቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልብስ አጥባለሁ።

አደጋው ሁለቱም የየሊጋቸው ሻምፒዮን ሆነው ለዋንጫ ቢገናኙ ነው። በ2014 ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ሁለቱም እኩል 96 አሸንፈው፣ እኩል 66 ተሸንፈው የየምድባቸው አንደኛ ሆኑ። ሥራ ቦታ «አሁንስ አንዱን ምረጥ» የማይለኝ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍ አጣሁ። ናሽናልስ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር አንዱን ጨዋታ 18 ዙር፣ ስድስት ሰዓት ከ23 ደቂቃ ተጫውቶ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ተሰናበተ። ቀጥሎ ኦሪዮልስ በካንሳስ ሲቲ አራት ለባዶ ተጠርጎ ወጣ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን ግማሹ የእፎይታ ነበር። ይህን ለማንም አትንገር።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲነሣ አንዱ ሲወድቅ ነው የኖሩት። በ2019 ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ፣ በኋላ ተነሥቶ ሂዩስተንን አሸንፎ ዋንጫ በላ፤ አራቱንም ድል ያገኘው በሰው ሜዳ ነው። በዚያው ዓመት ኦሪዮልስ 108 ጊዜ ተሸነፈ። በ2023 ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ኦሪዮልስ 101 አሸነፈ፣ ናሽናልስ የምድቡ ግርጌ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ኑሮዬ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ኮፍያ አላጣም። በ2025 ግን አብረው ወደቁ። በሜይ ኦሪዮልስ በናሽናልስ በተሸነፈ ማግስት አሰልጣኙን አባረረ። እዚህ እያዘንኩ ሳለሁ በጁላይ ናሽናልስ የ2019ኙን ዋንጫ ያመጣለትን አሰልጣኝ አሰናበተ። በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ለቅሶ ደረስኩ።

ሜዳ መግባቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የተጻፈው ባልቲሞር ላይ በ1814 ነው፤ የባልቲሞር ሰዎችም መዝሙሩ መሐል «ኦ!» የምትል ቃል ስትደርስ የኦሪዮልስ ናት ብለው ስታዲየሙን በጩኸት ይነቀንቁታል። ዋሽንግተን ላይ ይህን ማድረግ ነውር ነው፤ ቀይ ለባሾቹ ዞረው ያፈጡብሃል። ስለዚህ ቦታዋ ስትደርስ አፌን በእጄ ይዤ እቆማለሁ፤ የማያውቁኝ በአገር ፍቅር የተዋጥኩ ይመስላቸዋል። ደግሞ እዚያ ሜዳ በጨዋታው መሐል ትልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ሩጫ ይወዳደራሉ። ቴዲ ሩዝቬልት የተባለው ከ2006 ጀምሮ ከ500 ጊዜ በላይ ሮጦ አንድም ቀን ሳያሸንፍ እስከ ኦክቶበር 2012 ቆየ። ከደራርቱና ከቀነኒሳ አገር ለመጣ ሰው ይህን ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ አንተ ታውቀዋለህ።

አሁን የመልስ ክስ አለኝ። አንተ ሐዋሳ ከተማን መደገፍ የጀመርከው ሐዋሳ የክልላችን መቀመጫ በነበረች ጊዜ አይደለም? ክልሉ ተከፋፍሎ እኛ ደቡብ ኢትዮጵያ ስንባል ፍቅርህን መልሰህ አስረከብክ? የጌዴኦ ዲላ ሴቶች ሲጫወቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው አንተ ነህ። ኢትዮጵያ ቡናና ሲዳማ ቡና ሲገናኙማ፣ ዲኤስቲቪ ቤት መሐል ቆመህ «ቡና ያሸንፍ!» ብለህ ስትቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ዛፉም ቢሆን ጓሮህን ተመልከት። ከታች እንሰቱ፣ ከመሐል ቡናው፣ ከላይ ዋንዛው፤ በአንድ መሬት ላይ ተሻምተውም ተጠላልለውም ይኖራሉ። ዓለም ያን መልክዓ ምድር በ2023 ቅርስ ብሎ መዘገበው። ያንተ ጓሮ ሦስቱን ችሎ የእኔ ደረት ሁለቱን አይችልም የሚል ዳኛ አምጣልኝ። ቡናህም ቢሆን ታማኝ አይደለም፤ «ኮንጋ» ተብሎ የተጻፈበት ከረጢት ባልቲሞርም ዋሽንግተንም ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ አይቼዋለሁ።

በሚመጣው ሰው ሁለት ኮፍያ ልኬልሃለሁ። ቀዩን አርሰናል ነው ብለህ እንደምትወስደው አውቃለሁ። ወፍ ያለበትን ብርቱካናማ ለትልቁ ልጅህ ስጠው፤ ቡና ለቀማ ሲገባ ያድርገው፣ ከሩቅ ይታያል። እማዬ ቤዝቦል ምንድን ነው ብላ ከጠየቀችህ የማታ ሥራ ነው በላት።

ታናሽ ወንድምህ