ሰው ያለው ያመልክት

ማስታወቂያው የግቢው በር ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። «ሰው ተኮር የሆነው ድርጅታችን የሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ አስኪያጅ አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል።» ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያን የሚጦሩበት ግቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ስሙን ግን አልናገርም። አንባቢ የሚያውቀውን ግቢ ያስብ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ «ሰው» ሲባል ደስ ይላል። ድሮ ይኼ ክፍል «ፐርሶኔል» ነበር የሚባለው፤ ቀጥሎ «የሠራተኛ አስተዳደር» ተባለ። አሁን ሀብት ሆነናል። እንደ ማንኛውም ሀብት እንቆጠራለን፣ ቁጥር ይለጠፍብናል፣ የእርጅና ቅናሽ ይሠራልናል።

ተፈላጊ ችሎታው ሁለተኛ ዲግሪ፣ 8 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚህ ውስጥ 4ቱ በኃላፊነት፣ የኮምፒውተር ችሎታ፣ መንጃ ፈቃድ ነው። መንጃ ፈቃዱ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ድርጅቱ ያለው አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው፤ እሱም ሹፌር አለው። ግን ማን ያውቃል፣ ከአስተዳደር ቢሮው እስከ አረጋውያኑ መኝታ ያለው መንገድ በእግር አልገፋ ብሏቸው ይሆናል። እስካሁን በእግሩ ተሻግሮ የመጣ ኃላፊ አላየሁም።

አንድ አዛውንት ደግፎ ሽንት ቤት ያደረሰ፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰ የሚል መስፈርት ፈልጌ አጣሁ። ባይገባም ጥሩ ነው። ቢገባ ኖሮ ውድድሩን ልብስ አጣቢዋ ትወስደው ነበር።

ከታች «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል። በእርግጥም ይበረታታሉ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ «በቅርቡ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?» እየተባሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ሰው ተኮር ድርጅት ሰው ሲጨመር መጠንቀቁ አይፈረድበትም።

የአክስቴ ልጅ ማስታወቂያውን አይቶ ደወለልኝ። ዲግሪውም ልምዱም አለው።

«ጋሼ፣ እዚያ ግቢ ሰው አለህ አይደል?»

«አለኝ እንጂ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው አልጋ ላይ ናቸው።»

ዝም አለ። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። እሱ የፈለገው ግን ወንበር ላይ ያለ ሰው ነው፤ አልጋ ላይ ያለ ምን ያደርግለታል? የግቢው ሥርዓት ምን ያህል የተሟላ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተጧሪ ሆኖ ለመግባት ሰው እንደሌለህ ከወረዳ ማስረጃ ታመጣለህ። ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ለመግባት ደግሞ ሰው እንዳለህ ይጣራል። በሁለቱም በር ያለ ሰው ጉዳይ የሚታለፍ የለም።

ልጁ አልሰማ ብሎ የጽሑፍ ፈተናውን ተቀመጠ። «የማስሎውን የፍላጎት ደረጃዎች በሥዕል አስደግፈህ አብራራ» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ፒራሚዱን አሳምሮ ሣለው፤ ከታች ምግብና እንቅልፍ፣ ከላይ ራስን እውን ማድረግ። የሌሊት ተረኞቹ የሚቀመጡባት ወንበር አንድ እግሯ ተሰብሮ በጡብ ነው የቆመችው። የፒራሚዱ የታችኛው ጡብ የት እንደገባ ለሚፈልግ አድራሻው ይኸው።

ያለፈው ሌላ ሰው ነው፤ በቦርድ ሰብሳቢው የሰርግ ቪዲዮ ላይ ከግራ ሁለተኛው ሚዜ። ውድድሩ ግልጽ ነበር፤ ከመጀመሪያው ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ደመወዙ «በስምምነት» ነው፤ ተስማምተዋል። አንድ እንቅፋት ብቻ ገጠማቸው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሰውየውን «የአረጋውያን እንክብካቤ ፕሮጀክት» በጀት ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ በወረቀት ላይ ተንከባካቢ ነው። ጎንበስ ሲል ያየው ባይኖርም በደመወዝ ግን የተንከባካቢዎች ሁሉ አለቃ ነው።

እውነተኛዎቹ ተንከባካቢዎችስ? እነሱ ስለ ክፍያ ሲያነሱ «ይኼ እኮ የጽድቅ ሥራ ነው» ይባላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ 1.75 እጥፍ፣ ለሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይላል። በግቢው ልማድ ግን የሴቶቹ ዋጋ በሰማይ ይከፈላል፣ የሥራ አስኪያጁ በባንክ።

አዲሱ ኃላፊ ሥራ የጀመረው በለውጥ ነው። የጣት አሻራ ማሽን አስገዛ። ገና በሳምንቱ አንዲት ተንከባካቢ ማሽኑ ፊት ቆማ አየኋት። አውራ ጣቷን ታስቀምጣለች፤ ማሽኑ ይጮኻል። ቀሚሷ ላይ ትጠርገዋለች፣ እፍ ትልበታለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ አሁንም ይጮኻል። አመልካች ጣቷን ሞከረች። የግራዋንም ሞከረች። ዓመታት ሙሉ አንሶላ በበረኪና ያጠበ እጅ ነው፤ ጫፉ ተልጦ ለስልሷል፤ መስመር የሚባል የለበትም። በሰው ሀብት አስተዳደር ዓይን ይህች ሴት የለችም።

ለኃላፊው አቤት አለች። «ሲስተሙ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አላት፤ እውነቱን ነው። ፈርማ እንዳትገባ መዝገቡ ቀርቷል። በወሩ መጨረሻ «በሥራ ገበታዋ ላይ ባለመገኘቷ» የአራት ቀን ደመወዝ ተቆረጠባት።

ከአራቱ ቀናት አንዱ እሁድ ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። በየሁለት ሰዓቱ እየመጣች ሽማግሌውን ከጎን ወደ ጎን ታገላብጣለች፤ በአንድ እጇ ትከሻቸውን፣ በሌላው ዳሌያቸውን ይዛ፣ «አባባ፣ በርቱልኝ» እያለች። ከተኙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጀርባቸው ላይ አንድም ቁስል የለም።