ስም የሌለው ጥፊ

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ይህ ሥርዓት አሁን አሁን ይናፍቀኛል። ቢያንስ ዳኛው ፊት ሲደርሱ «የከሰስከው ሰው ማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ይኸው፣ ተቋጥሮ ቆሟል። የእኔን ተከሳሽ ግን በምን እቋጥረዋለሁ? የለበሰው የዝናብ ካፖርት ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ላይ ነው። ከለቅሶ ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ሁለት ፖሊሶች ሰፈራችን ካለው ሱቅ ጣራ ሥር ተጠልለው አገኘኋቸው። ረጅሙ «መታወቂያ!» አለኝ። ሰጠሁት። በባትሪ አገላብጦ አየው።

«ጊዜው አልፎበታል።»

«ልክ ነህ አለቃ፤ ላሳድስ ሄጄ ሲስተም የለም ተብዬ ነው።»

«ታዲያ አንተ ማን ነህ?»

«ፎቶው ላይ ያለሁት ነኝ።»

ጥፊው የመጣው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ቃል እንዳስቆጣው ዛሬም አልገባኝም፤ መልሱ እኮ ትክክል ነበር። መነጽሬ ጭቃው ላይ ተወርውሮ እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሳላስበው ከአፌ የወጣው የአባቴ ቃል ነው፤ «በሕግ አምላክ!» አልኩ። አጭሩ ፖሊስ ከልቡ ሳቀ። «ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» አለ ለጓደኛው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ያዡ ፖሊስ አስቀድሞ የሚይዘውን ሰው ማንነት ያረጋግጥ ይላል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ የእኔ ማንነት እንደዚያ ማታ በትጋት ተመርምሮ አያውቅም።

ጣቢያ ስንደርስ ቀበቶዬን፣ ስልኬንና የጫማዬን ክር አስፈትተው አንዲት ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። የእስረኞቹ ካቦ ደግ ሰው ነው፤ ሽበቴን አይቶ በሩ አጠገብ፣ አየር የሚገባበት ቦታ ላይ አስቀመጠኝ። ከጎኔ አንድ ሊስትሮ ተኮራምቷል። ልጁ ጢም እንኳ አላበቀለም፤ ሕግ ግን ያውቃል። «አይዞህ ጋሼ፣ 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ አይችሉም» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳየው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ እንዳለው ነው። ልጁ አንቀጹን ያወቀው ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያው ሲመላለስ ነው። ቀጥሎ የጠየቀኝን ግን የትኛውም የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም፤ «ግን መዝገብ ላይ ጽፈውሃል? ካልጻፉህ እኮ ሰዓቱ መቁጠር አይጀምርም።»

ጠዋት ሌላ ፖሊስ በሩን ከፍቶ «አንተ ሽማግሌ፣ ሂድ!» አለኝ። ለምን እንደገባሁ ያልነገረኝ ቤት ለምን እንደወጣሁም አልነገረኝም። ስልኬንና ቀበቶዬን መለሱልኝ፤ አንዱ የጫማ ክር ግን የለም።

እህቴ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ተወው» አለችኝ። ኮንስታብልን ንጉሥ ያደረገችው እሷው ናት። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 424 የያዘውን ሰው በጭካኔ ያስተናገደ ፖሊስን ይቀጣል። ሁለቱንም አስምሬባቸው ቅሬታ ወደሚቀበለው ክፍል ሄድኩ።

የተቀበለችኝ ኢንስፔክተር ትሑት ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አዘዘችልኝ። ከዚያ ቅጹን አወጣች። «የተከሳሹ ማዕረግና ስም?»

«አላውቀውም። ጠይም፣ ረዘም ያለ ነው።»

«ጋሼ፣ ግማሹን ፖሊስ እኮ ነው የነገሩኝ።»

ማዕረጉን ብገምት እንኳ መሰላሉ ረጅም ነው፤ ኮንስታብል አለ፣ ሳጅን ብቻውን በየደረጃው አለ። ስሙ ደረቱ ላይ ተሰፍቶ ይሆናል፤ ካፖርቱ ሸፍኖታል። መዝገብ አስመጥታ በጣቷ እየተከተለች ፈለገችኝ። የእኔ ስም የለም። «እዚያ ያደረ እንደ እርስዎ ያለ ሰው የለም» አለች።

«ታዲያ የጫማዬ ክር እዚያ ምን ይሠራል?»

ሳቀች፤ ሳቋም ክፋት አልነበረውም። ክፉ ብትሆን ተሳድቤ እወጣ ነበር።

ጓደኛዬ «ቪዲዮ ቢኖርህ አገር ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። በ2007 ዓ.ም. በእስራኤል፣ ሆሎን ከተማ፣ ደማስ ፓካዳ የሚባል ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ መጀመሪያ በተጠርጣሪነት የተያዘው እሱ ራሱ ነበር፤ ፖሊስ መታ ተብሎ። ነገሩን የገለበጠው የካሜራ ምስል ነው። ከዚያ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሺዎች አደባባይ ወጡ። እንዲያም ሆኖ ፖሊሱ ላይ ክስ አልተመሠረተም። ካሜራ ያለው ሰው እዚያ ላይ ከቆመ፣ እኔ የት ልደርስ እንደምችል አስቡት።

ቢሆንም ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ጣራው ጥግ ላይ ካሜራ ተሰቅሏል። ባለሱቁ አንገቱን አከከ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ አይሠራም፤ ሌባ እንዲፈራ ነው የሰቀልኩት።»

በኋላ፣ መስቀል ካለፈ ወዲያ፣ ያን ረጅም ፖሊስ በጠራራ ፀሐይ የታክሲ ሰልፍ ሲያስተካክል አየሁት። ካፖርት የለም። ስሙን ከደረቱ ላይ አንብቤ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩና በቀጥታ ወደ ኢንስፔክተሯ ገሰገስኩ። ቅጹን ሞላነው። ማዕረጉም ስሙም ተጻፈ። ወደታች ወረደችና «የዓይን ምስክር?» አለችኝ።

ምስክርማ አለኝ። ያን ማታ መነጽሬን ከጭቃ አንሥቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ለባለቤቴ ያደረሰላት ባለሱቁ ነው፤ «በጥፊ መትተው ወሰዱት» ብሎ የነገራትም እሱ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ ነበር።

«እትዬ ይሙቱ፣ እኔ ምንም አላየሁም።»

«አንተ አይደለህ እንዴ መጥተህ የነገርከኝ?» አለችው ባለቤቴ።

«እሱማ ነግሬያለሁ» አለ ስኳሩን ሳይለቅ፤ «ግን የነገርኩት ለእርስዎ ነው እንጂ ለመንግሥት አይደለም።»