ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ

ኢትዮጵያ ከግንቦት 1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም። ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች በዙሪያቸው ካለው ኮራል ሪፍ ጋር ለኤርትራ ቀርተዋል። ኮራል ሪፍ ማለት ጥቃቅን እንስሳት የኖራ ቤታቸውን አንዱ በሌላው ላይ ሲሠሩ ኖረው ያቆሙት የባሕር ውስጥ ከተማ ነው። ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሸፍንም፤ ከባሕር ፍጥረታት ግን ሩብ ያህሉን ያስተናግዳል። ፈረንጅ ይህን ለማየት መነጽር አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ በሆዱ ይንሳፈፋል፤ ስኖርክሊንግ ይለዋል፤ ረብጣ ገንዘብም ይከፍልበታል። ባሕር አልባው ሕዝብ ይህ ቀረብኝ ብሎ ሲቆዝም የሚኖር የመሰለው ሰው፣ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ ጊምቢ የሚመላለሰውን የአውቶቡስ ተሳፋሪ አያውቀውም። ተሳፋሪው የራሱን ሪፍ በመስኮት በኩል እየገነባ ነው።

የግንባታው ዕቃ ሃይላንድ ይባላል። ድሮ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ውሃም ይያዝ አረቄ፣ ዘይትም ይያዝ ጋዝ፣ ሃይላንድ ነው። አሠራሩን ልብ በሉ። ተሳፋሪው አምቦ ላይ ውሃና ብስኩት ይገዛል፤ ጉደር ሳይደርስ ይጨርሳል። ጨዋነቱ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ክዳኑን ይፈልጋል፤ ወንበር ሥር ተንከባሎ እንደሆነም ጎንበስ ብሎ ያወጣዋል፤ ከዚያ አጥብቆ ይዘጋዋል። ባዶ ጠርሙስ! ምኑ እንዳይፈስ ይሆን? ከጠዋት ጀምሮ «ንፋስ ይመታኛል» እየተባለ ያልተከፈተው መስኮት፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በላብ ሲጠመቅ እንኳ ያልተከፈተው መስኮት፣ ለሃይላንዱ ይከፈታል። እጅ ብቅ ይላል፤ ጠርሙሱ ይበራል፤ መስኮቱ ይዘጋል። ረዳቱ «መኪና ውስጥ ቆሻሻ እንዳትጥሉ» ብሎ አስጠንቅቋልና ተሳፋሪያችን ሕግ አክባሪ ነው።

ስለዚህ በነቀምቴና በጊምቢ መካከል በሚፈሰው በዴዴሳ ወንዝ ላይ ትልቅ ተስፋ አለኝ። ወለጋ በዩብዶ ፕላቲነምና ገበያው «ለቀምት» ብሎ በሚያውቀው ቡናዋ ስሟ ሲጠራ ኖሯል፤ ከእንግዲህ በስኖርክሊንግም ይጠራል። የባሕሩ ኮራል፣ ዘገምተኛው ዝርያ፣ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ የእኛው በአንድ የበዓል ሰሞን ክንድ ይጨምራል። ዋጋውም የድሃ ነው፤ ቪዛና አውሮፕላን አይጠይቅም፤ የአንድ ቅጥቅጥ ታሪፍ ይበቃል። እንግዳው ነቀምቴ መናኸሪያ ይወርዳል፤ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥትና የወለጋን ሙዚየም ይጎበኛል (እነዚህ እንኳ ያለ ቀልድ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው)፤ በማግስቱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ መነጽሩን ያጠልቃል። አስጎብኚው ይጀምራል፦ «ክቡራን እንግዶቻችን፣ በስተቀኝ የምታዩት ባለ ግማሽ ሊትሩ ዝርያ ነው፤ በመንጋ ይኖራል። ያ ግዙፉ ባለ ሁለት ሊትር ለስላሳ ነው፤ ከሠርግ ወር በኋላ ይበረክታል። ከቅርንጫፉ ላይ ተሰቅሎ ውሃው በመጣ ቁጥር የሚተነፍስ የሚመስለው ጥቁር ፌስታል ነው፤ እባካችሁ አትንኩት፣ ተቋጥሮ የተጣለ ነው፣ የአንዲት መኪና የሚያማት እናት ቁርስ አለበት። ጉማሬውን አትፍሩ፤ ጥርሱ ላይ የተሰካው ጄሪካን አፉን አያስገጥመውም።» ቀስ በቀስ ዘርፉ ሙያ ይሆናል። የጠርሙሱን ዕድሜ በመለያ ወረቀቱ መድብዘዝ የሚናገሩ ሊቃውንት ይነሳሉ፤ የጊምቢ ሊቃውንት ከነቀምቴ ሊቃውንት ጋር በሰማያዊ ክዳንና በነጭ ክዳን ቀዳሚነት ይጣላሉ፤ አስታራቂ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው ውሃ ይቀርብላቸዋል፣ በሃይላንድ። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ጠርሙሶቹ ወዴት እንደሚጣሉ መናገር አያስፈልግም።

ጂኦግራፊውም ይተባበራል። ባኮ አካባቢ ግቤ ላይ የተጣለው ወደ ኦሞ፣ ከኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል፤ ቱርካና መውጫ ስለሌለው እንግዳውን አይሸኝም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የዓባይ ነው። አንገር ለዴዴሳ ያቀብላል፤ ዴዴሳና ዳቡስ ለዓባይ ያስረክባሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ማደሪያ ሰጠው፤ ንጋት ሐይቅ። ግንዱም ሃይላንድ ሆነ። ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ አይሰምጥም፤ ተሳፋሪው ያን ያህል የተጨነቀበት ምክንያት አሁን ተገለጠልን። የእውነተኛው ሪፍ ነገርም ቢሆን አያሳስብም። በእስያና በፓስፊክ 159 ሪፎች ላይ ከ124 ሺህ በላይ ኮራሎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በወጣው ጥናት፣ ፕላስቲክ ያልነካው ኮራል የመታመም ዕድሉ ከመቶ 4 ሲሆን የነካው 89 ነው። ተፎካካሪያችን እየሞተ ነው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ፣ ለምለም ሣር ውሃ ውስጥ ነክሮ ፈጣሪውን በሚያመሰግን ሕዝብ መልካ ላይ፣ ሰው ውሃ ጠጥቶ በጨረሰበት ዕቃ ውሃውን ይደበድበዋል። ላም ፌስታል ትበላለች፤ ትሞታለችም።

ተሳፋሪው መልስ አያጣም። «ለልጆቹ ብዬ ነው» ይላል። እርግጥ ነው፣ በየመንገዱ ዳር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚጮኹ ልጆች አሉ፤ ጠርሙሱ ወተት ይያዝበታል፣ ትምህርት ቤት ውሃ ይዘው ይሄዱበታል፣ ከተማ ከደረሰም ቆራሌው ይገዛዋል። ታዲያ የብስኩቱን ልጣጭ የሚለምን ልጅ ማን አየ? ድልድይ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ሌሊት የተጣለውንስ የትኛው ልጅ ይለቅመዋል? ደግሞ ልጅ ለባዶ ጠርሙስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ ከኋላ ሲኖትራክ ይመጣል። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ነውር ነው። መስጠት የፈለገ ሰው መኪናው ሲቆም በእጁ ይስጥ።

ሁለተኛው መልስ «መጣያ የለም» የሚል ነው፤ ይኼኛው የሕግ ድጋፍም ነበረው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በጎዳና፣ በውሃ መውረጃና በአውቶቡስ ማቆሚያ ቆሻሻ መጣልን ሲከለክል «መጣያ እያለ» የሚል ሐሳብ አክሎበት ነበር። የከተማ አስተዳደሮቻችን ይህን በጥሞና ያነበቡት ይመስላል፤ መጣያ ካላስቀመጡ ጥፋተኛ አይኖርም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውና እሱን የተካው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል፤ ፌስታሉ ግን ወሬውን ገና አልሰማም።

ሦስተኛውና ምሁራዊው መልስ «ሕዝቡ አልነቃም፣ ግንዛቤ ይሰጠው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ መቀለድም ያስጠላኛል፤ ሐሰት ነውና። ያው ተሳፋሪ በመስታወት ጠርሙስ ለስላሳ ወይም አምቦ ውሃ ሲገዛ ምን ያደርጋል? እሱቁ ደጃፍ ቆሞ ጠጥቶ ይመልሳል፤ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ማስያዣ ይከፍላል፤ ማስያዣ የከፈለበትን ጠርሙስ ደግሞ እንኳን በመስኮት ሊወረውር ለጎረቤት አያውስም። ቤቱ ሳጥን ሙሉ ባዶ ቢራ አስቀምጦ ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። ሴሚናር ማን ሰጠው? ያነቃው ማስያዣው ነው። ፋብሪካው በእያንዳንዱ ሃይላንድ ላይ ጥቂት ብር ማስያዣ ቢጥል፣ ባለሱቁም ተቀብሎ ቢመልስ፣ ረዳቱ መናኸሪያ ሳይደርስ ወንበር ሥር ገብቶ ይለቅመው ነበር። «ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ መመለሱ አድካሚ ነው» ይሉናል። ከነውሃው ሞልቶ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነጆና መንዲ ድረስ ሲጫን ያልከበደ ጠርሙስ ባዶውን ሲመለስ የሚከብደው በምን ስሌት ነው?

እስከዚያው ግን ግንባታው እንዳይስተጓጎል አንድ ምክር ለተሳፋሪው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄዱ ዴዴሳ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ፣ ውሃው የሚወርደው በቀኛችሁ ነው። በግራ የጣላችሁት ድልድዩ ሥር ገብቶ እስኪወጣ መኪናው ያልፋል፤ ሳታዩት ትቀራላችሁ። ትኬት ስትቆርጡ በቀኝ በኩል፣ የመስኮት ወንበር ጠይቁ።