ዋሽንትና በርበሬ በአንድ ዘንቢል

የእትዬን በርበሬ ወፍጮ ቤት የወሰድኩት ፈተናዬ በነበረበት ቀን ጠዋት ነው። ልነግራችሁ የተነሳሁት ስለ ዋሽንትና ስለ ትንፋሽ ስለሆነ አጀማመሬ የተገላበጠ ይመስል ይሆናል። ግን በርበሬውን ትቼ ትንፋሹን ብቻ ላውራ ብል አይሆንልኝም፤ ሁለቱ የተጓዙት በአንድ ዘንቢል ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ዋሽንት የያዝኩት በ11 ዓመቴ ነው። ክረምቱን አያቴ ዘንድ ከርሜ ልመለስ ስል የአጎቴ ልጅ፣ ከብት ሲጠብቅ የሚነፋውን፣ በገዛ እጁ በጋለ ሽቦ የበሳውን ሸምበቆ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዋሽንት ተሰነጠቀብኝ፣ ስንቱን ታክሲ ውስጥ ረስቼ ወረድኩ፤ ከዋሽንት ግን ተለይቼ አላውቅም። ቀን ቀን ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እነፋለሁ። እና አንድ የባህል ሙዚቃ ቡድን ዋሽንት ተጫዋች አወዳድሮ ሊቀጥር ነው የሚል ወሬ ስሰማ፣ ፈተናው ገና ሦስት ሳምንት እየቀረው እንቅልፍ አጣሁ።

ያሳሰበኝ ጣቴ አልነበረም። የዋሽንት ጣት ከባድ አይደለም። ቀዳዳው አራት ነው፤ አራቱንም ደፍነው ሲነፉት አንድ ድምፅ፣ አንድ በአንድ ሲከፍቷቸው ደግሞ አራት፣ በድምሩ አምስት። ትዝታም በሉት ባቲ፣ አምባሰልም በሉት አንቺሆዬ፣ ሁሉም የሚቆሙት በአምስት ድምፅ ነው። ጠንከር አድርገው ሲነፉት ያው ድምፅ ከላይ ይደገማል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ አንድ እረኛ በአራት ቀዳዳ የሚያስፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። ቅኝቱ ሲለወጥ ግን ዋሽንቱም ይለወጣል፤ እንደ ክራር ክር አይጠብቅም አይላላም፤ ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ ረጃጅምና አጫጭር ሸምበቆ አስሮ የሚዞረው። ከባዱ ትንፋሹ ነው። ዋሽንት እንደ ክላርኔት የሚርገበገብ ምላስ የለውም፤ ከንፈር አየሩን አቅጥኖ የሸምበቆው ጠርዝ ላይ ይሰነጥቀዋል፣ ከተነፋውም ከፊሉ ውጭ ይቀራል። እኔ ደግሞ ትንፋሼ አጭር ነው። ትዝታን ስነፋ ሐረጉ ሊያርፍ ሁለት ድምፅ ሲቀረው እቆርጠዋለሁ። ልክ አንድ ሰው ሊያለቅስ ሲል በር እንደ ማንኳኳት ነው፤ ሰሚውም ይከፋዋል፣ እኔም ይከፋኛል።

ችግሬን ለሰፈሩ ነገርኩ። መንገሬ ደግ ነበር፤ የሰማሁትን ሁሉ መሞከሬ ነው ያጠፋኝ። አንዱ ተልባ ጠጣ አለኝ፣ ጠጣሁ። ሌላዋ ማር በጤና አዳም አለችኝ፣ ወሰድኩ። ጥሬ እንቁላል ያለኝም ነበር፤ እሱንም ዋጥኩ። ማለዳ የሚሮጥ ጓደኛዬ ደግሞ «ሳንባ የሚሰፋው እንጦጦ ነው» ብሎ ይዞኝ ወጣ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እንጦጦ 3,000ውን ያልፋል። እሱ እያወራ ይሮጣል፣ እኔ ባሕር ዛፍ አቅፌ ቆሜያለሁ። ሩጫ ለጤና ጥሩ ነው፤ ለልብም ለእግርም ይበጃል። የእኔ ድካም ግን ከእግር የመጣ አልነበረም።

ከዚያ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ደረቴን እስኪቀደድ በአየር እሞላና በአንዴ አወጣለሁ፤ 60 ጊዜ፣ ያለ ዕረፍት። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አርባዎቹ ላይ ስደርስ ጣቶቼን ወረረኝ፣ ግድግዳው ዞረ፣ ሳላስበው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። አየር ያነሰኝ መስሎኝ ጭራሽ ጨመርኩበት። በኋላ እንደተረዳሁት የሚያዞረው የአየር ማነስ አይደለም፤ ሰው ከመጠን በላይ በኃይል ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ተጠርጎ ይወጣል፣ ያኔ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ይህን ግን ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኔ ስንት ዓመት የተውኩትን በሦስት ሳምንት ልታጠቅ ነበር።

እዚህ ላይ እትዬ ትገባለች። እትዬ አከራዬ ናት። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በየማለዳው ከ12 ሰዓት ጀምሮ አንድ ድምፅ ይዤ ስጎትት በቀጭን ግድግዳ ማዶ ሆና ሰምታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልጠቆረም። በማለዳ የምነፋው ምክንያት ነበረኝ። ዋሽንት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ በትንፋሽ ሲሞቅ ይነሳል፤ ድምፅ በ0 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 331 ሜትር ያህል፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ነው። ሸምበቆውን ከብርዱ አንስቼ እስኪሞቅ መከተል እፈልግ ነበር። ምክንያቴ ለእትዬ እንቅልፍ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ በፈተናው ቀን ጠዋት በሬን አንኳክታ «የኔ ልጅ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ይቺን በርበሬ ወፍጮ ቤት አድርስልኝ» ስትለኝ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ፈተናው 8 ሰዓት ነው፣ አሁን ገና 3 ሰዓት። በ4 ሰዓት እመለሳለሁ አልኩ። ዋሽንቴን ግን ቤት ትቼ አልወጣሁም፤ ወረፋ ስጠብቅ ጣቴን ላፍታታበት ብዬ ዘንቢሉ ውስጥ ጎን ለጎን ሰካሁት።

የበርበሬ ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የታመሰው ዛላ፣ ኮረሪማው፣ አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ላይ ሲፈጭ አየሩ ቀይ ይሆናል። ፈጪው አፍና አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ የሽፋሽፍቱ ጫፍ ሳይቀር ቀልቷል። በር ላይ የቆሙት ሴቶች ተራ በተራ ያነጥሳሉ፣ ተራ በተራ «ይማርሽ» ይባባላሉ። ሦስት ሳምንት በተልባና በማር ሳለሰልሰው የከረምኩትን ጉሮሮ ይዤ እዚያ መሀል ቆምኩ። ከፊቴ ሦስት ሰው ሲቀር መብራት ጠፋ። ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እየተባለ 6 ሰዓት ሆነ። የእትዬን ዛላ ሳላስፈጭ ልመልሰው አፈርኩ። መብራቱ ሲመጣ፣ ወረፋው ሲንቀሳቀስ፣ የእኔ ተፈጭቶ ሲያልቅ 7 ሰዓት ከሩብ። ፈጪው በርበሬውን ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ገልብጦ ሰጠኝ፣ እኔም እንደ ነገሩ ቋጠር አድርጌ ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኩ። ቤት የማደርስበት ጊዜ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ እየጠበቅሁት ሄድኩ። ፌስታሉ ከታች በኩል መቀደዱን አላየሁም።

አዳራሹ ፀጥ ያለ ነበር። ሦስት ፈታኞች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ አንድ ነጭ ፀጉር ጋሼ፣ በስተቀኛቸው አንዲት ሴት፣ በስተግራ ጸሐፊው። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «በትዝታ ጀምር» አሉኝ ጋሼ። ዋሽንቱን ከዘንቢሉ አወጣሁ፣ እንደ ልማዴ ውስጡን ለማጽዳት አንዴ እፍ አልኩበት።

ያቺን ደቂቃ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አያታለሁ። ከአራቱም ቀዳዳ ቀይ ብናኝ ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ዕጣን ጭስ፣ በፀሐይዋ ጮራ ውስጥ እየተንሳፈፈ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እኔ የአሮጌ ሸምበቆ አቧራ መስሎኛል። ሴትዮዋ አስነጠሱ። ጸሐፊው አስነጠሰ። «ይማርዎት» አልኩ፣ ሸምበቆ ሲደርቅ ድምፁ ይሻክራልና ከያዝኩት ሃይላንድ ውሃ አፍስሼ ዋሽንቱን አራስኩት። በርበሬና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ድልህ ነው የሚሆነው። ድልሁን ከንፈሬ ላይ አስደግፌ፣ ደረቴን እንደለመድኩት ጥግ ድረስ ሞላሁ።

የመጀመሪያው ድምፅ ወጥቷል። ይህን መናገር እፈልጋለሁ፤ ንጹሕ ድምፅ ነበር። ሁለተኛው ላይ ከንፈሬ ነደደ፣ ሦስተኛው ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ከዚያ ሳሉ መጣ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቀዳዳዎቹን ማየት አቃተኝ። በውሃው አፌን ተጉመጠመጥኩ፤ ባሰብኝ። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገውን ካፕሳይሲን ውሃ አያሟሟውም፣ ቅባት ነው የሚፈልገው፤ በውሃ ሲያጥቡት ወደ ሌላው አፍ ያዳርሱታል። ይህን የምታውቀው የግቢው ሻይ ቤት ያለችው ልጅ ነበረች። ሳሌን ከውጭ ሰምታ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዛ ገባች፤ ማን እንደላካት ዛሬም አላውቅም። ፈታኞቹ ፊት ቆሜ ወተት ጠጣሁ። ሁሉም እስክጨርስ ዝም ብለው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ዋሽንትህን የት ነው ያስቀመጥከው?» አሉኝ ጋሼ።

«ከበርበሬ ጋር ነበር፣ ጋሼ።»

ማንም አልሳቀብኝም። ከቦርሳቸው የራሳቸውን ዋሽንት አውጥተው፣ በመሀረብ ጠርገው ሰጡኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ትዝታን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ጥሩ ዋሽንት ነበር፤ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ራሱ የሚዘፍን ይመስላል። እኔ ግን እዚያችው ቦታ ላይ፣ ሐረጉ ሊያርፍ ሁለት ድምፅ ሲቀረው፣ ቆረጥኩት። በርበሬም አልነበረም፣ መብራትም አልጠፋም።

ጋሼ ተነስተው አጠገቤ መጡ። «ትከሻህ ከጆሮህ ሊደርስ ነው» አሉኝ። «ብዙ አየር ታስገባለህ፤ ግን ላይ ላዩን ነው፣ ቶሎ ያልቃል።» እጃቸውን ከጎድን አጥንቴ ዝቅ አድርገው ወገቤ ላይ አኖሩ። «እዚህ ጋ ግፋኝ።» ልገፋቸው ሞከርኩ፤ ደረቴ እንጂ ወገቤ አልተነቃነቀም። ከሳንባ በታች ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ፤ ወደ ታች ሲወርድ ሆድና ጎን ይሰፋሉ፣ አየሩም እስከ ሥር ይገባል። ሕፃን ልጅ ተኝቶ ሲተነፍስ ብታዩት ሆዱ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። «ቤትህ ገብተህ በጀርባህ ተኛ፣ ሆድህ ላይ ከበድ ያለ ነገር አስቀምጥ፣ እሱን አንሳ» አሉኝ። «አየሩን ስታወጣ በጥርስህ መሀል እስስ እያልክ ቁጠር። አፈሳሰሱን ስታውቅ አገባቡ ራሱ ይመጣል።» ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁት ለማስገባት ነበር። ማውጣትን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ቡድኑ ሌላ ልጅ ወሰደ። ሲጫወት ሄጄ ሰምቼዋለሁ፤ ይገባዋል።

ማታ ለእትዬ ዘንቢሉን ሳስረክብ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ፌስታሉን አገላብጣ አየችና መጀመሪያ የተናገረችው «ከንፈርህን አሳየኝ» የሚል ነበር። ቅቤ አምጥታ ቀባችኝ። ከዚያ ከበርበሬው 1 ኪሎ ያህል ለይታ፣ በሁለት ፌስታል አጥብቃ ቋጥራ «ይኸው፣ የምትጭነው» ብላ ሰጠችኝ። ጋሼ ያሉትን ስነግራት ሰምታለች ማለት ነው።

እና አሁን በየማለዳው በ12 ሰዓት በጀርባዬ ተኝቼ የእትዬን በርበሬ በሆዴ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን እስስ ብዬ 14 ሰከንድ ነው የቆየሁት። ትናንት 27 ደርሻለሁ፤ ራሴን አዙሮኝም አያውቅም። ከመኝታዬ ተነስቼ ግድግዳው ላይ ቁራጭ ወረቀት አስደግፌ በትንፋሼ ብቻ እንዳትወድቅ እይዛታለሁ፤ ይህቺ ደግሞ ትንፋሽ ሳይንቀጠቀጥ መውጣቱን ታሳያለች። ከዚያ በኋላ ነው ዋሽንት የማነሳው። የትዝታው ሐረግ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እስከ መጨረሻው ይደርስልኛል። ሲደርስልኝ ከግድግዳው ማዶ የእትዬ የሲኒ ድምፅ ጸጥ ይላል።

ዋሽንቴን አልጣልኩትም። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ ጥቂት የኑግ ዘይት አስነክቼ፣ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጥላ ላይ አደረቅሁት። የታችኛው ቀዳዳ ዙሪያው እስካሁን ቀላ እንዳለ ነው።