ከነፓስፖርቱ ባዳ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃልና። የሰፈራችን ጋሼ አፍ ውስጥ የገባው ጥርስ ግን ባዳነቱ በሰነድ የተረጋገጠ ነው። ከላይም ከታችም፣ ሙሉ አፍ፣ ቲታኒየም ብሎን ላይ የታሰረ። ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጥርስ ባልነበራቸው ጊዜም በምላሳቸው ይነክሱ ነበር፤ አሁን መሣሪያ ተጨመረላቸው። ሰፈርተኛው በየተራ እየመጣ ይተርባቸዋል፣ ተተርቦም ይመለሳል። ለመትከል የሚያስብ ካለ ከዚህ በታች ያለውን ያንብብ፤ የማያስብም ቢሆን አይከፍልበትም።

ገና ሳይነቀል

የጋራዡ ልጅ ጀመረ። «ጋሼ፣ 32 ጥርስ ማለት 32 ብሎን ነው? ማግኔት አጠገብ ሲያልፉ አይጎትትዎትም?»

«ቲታኒየምን ማግኔት አይስበውም፤ አንተን ሥራ እንደማይስብህ። ለአንድ መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ብሎን ይበቃል። ጥርሶቹ አንድ ላይ ተያይዘው እሱ ላይ ይታሰራሉ። አንተ ጋ ገብቶ የወጣ መኪናማ ከዚያም ባነሰ ብሎን ይሄዳል።»

አንዲት ወጣት ጣልቃ ገባች። «እኔም የራሴን አስነቅዬ ነጭ ባስተክል ብዬ ነበር።»

«ደህና ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ካገኘሽ፣ ከስልክሽ ላይ እሱን ንቀይው። ይሄ ጥርሱ ላለቀበት ወይም የቀረው ለማይድንለት ሰው ነው። የተነቀለ ጥርስ በሽማግሌ አይመለስም።»

ከቨርጂኒያ የመጡት አብሮ አደጋቸው ደግሞ ሒሳብ ይዘው ነው የቀረቡት። «አሜሪካ ለአንድ መንጋጋ ብቻ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቁሃል። መደበኛው ሜዲኬር ደግሞ ለዚህ አይከፍልም። እዚሁ በሦስት ሳምንት ዕረፍቴ ጨርሼ ብሄድስ?»

«አንተ የሦስት ሳምንት ትኬት ይዘሃል፤ አጥንትህ ግን ትኬት አልቆረጠም። ብሎኑን እስኪይዝ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፤ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ሳሳ ስለሚል እሱ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ዋናውን ጥርስ ለማስገጠም ተመልሰህ መምጣትህን ከአሁኑ አስበው።»

«ሁለት ጊዜ ከመጣሁማ ሁለት ጊዜ ዕቃ ታስመጡኛላችሁ! አሜሪካ ይረክሰኛል።»

ይቺን ጋሼም ዋጥ አደረጓት።

ደላላው ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ «ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ምን ጠየቀዎት?» አለ።

«አንተ ተከራይ የምትጠይቀውን! ‘ያጨሳሉ? ይቅማሉ?’ አለኝ። አጥንት አከራይ ነው፤ ጠባይህን ሳያጠና አያስገባም። ሲጋራ የደም ሥሩን ያጠብበታል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። አንተ የማትጠይቀው ሁለት ነገር ተጨመረብኝ፦ ስኳሬን እንደተቆጣጠርኩና ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት እንደምወስድ። ከዚያ በሲቲ ስካን አጥንቴን ለካው፤ ጥርስ የለቀቀው አጥንት እየሳሳና እየዘቀጠ ይሄዳላ።»

«አልቀበልም ካለስ?»

«ብሎኑ ይነቃነቃል፤ ያኔ ወጥቶ ቁስሉ እስኪድን ይጠበቅና እንደገና ይሞከራል። ኮሚሽን ሁለቴ መክፈል ግን አለ፤ ይሄን አንተ ታውቀዋለህ።»

የመጀመሪያው ሳምንት

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ብቅ ሲሉ ፊታቸው አብጧል፣ ጉንጫቸው በልዟል። «ማን መታዎት?» አለ የጋራዡ ልጅ።

«ሐኪም። በደረሰኝ።»

ዕብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እንደሚብስ፣ ሳምንት ሲሞላ እንደሚጎድል ተነግሯቸው ነበርና አልደነገጡም። «ከዚያ በኋላ መቀነሱ ቀርቶ ከጨመረ፣ ወይም ትኩሳትና መግል ከመጣ፣ ወደ ሐኪሜ ነው የምሮጠው። ወዳንተ ከመጣሁ ሞተር ታወርድልኛለህ።»

ቡና የምታፈላው እትዬ የሚንተከተከውን ልትቀዳ ስትል እጃቸውን አነሱ። «እታለም፣ ለጊዜው ለብ ያለ።»

«ለብ ያለ ቡና ከምሸጥ ጀበናዬን ብሰብር ይሻለኛል።»

«ስበሪው። የጀበና ስባሪ በገበያ ይተካል፤ የኔ ስፌት ከተፈታ ግን ሰፊው ቀጠሮው ሩቅ ነው።»

ባለሱቁ ግን ጥርሱን አይቶ ተገረመ። «በአንድ ቀን ጥርስ የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው ማለት ነው?»

«ግማሽ እውነት ነው፤ እንዳንተ ሚዛን። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የሚገጠመው ጊዜያዊው ነው። እሱም የሚገጠመው ብሎኑ ሲገባ ጠበቅ ብሎ ከያዘ ነው። ለፎቶ ይሆናል፣ ለሰላምታ ይሆናል፤ ለቆሎ አይሆንም።»

«ምን ይበላሉ ታዲያ?»

«አጥሚት፣ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ እንቁላል።»

«እንግዲህ ይታገሡ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የኔው ተጠብሶ ይምጣ። እግር እስኪያወጣ በረሃብ አልሞትም።»

አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ እስቲ ‘ሠላሳ ስድስት’ ይበሉልኝ።» ጋሼ ቢሞክሩ ከፉጨት ጋር ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ስታፏጭ ከክፍል አስወጥቼህ ነበር፤ ዛሬ ብድርህን መለስክ። ምላስ ወፍራም ነገር አፉ ውስጥ ሲገባበት ቦታውን እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት ይፈጅበታል። ጋዜጣ ጮክ ብሎ ማንበብ ያፈጥነዋል ተብያለሁ። አንተም ያኔ ብታነብ ኖሮ ዛሬ እኔን ስታስነብብ አትውልም ነበር።»

ሕመሙ ሲጠፋ

ከሳምንታት በኋላ ዕብጠቱ ጠፋ፣ ሕመሙም ጠፋ፣ ጋሼም መሳቅ ጀመሩ። ይሄኔ ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤት ብቅ አለ። «ድነዋል እኮ! ቁርጥ እንጣል?»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አየህ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚሞኘው ሲያመው ሳይሆን ሲተወው ነው። ብሎኑ የገባ ቀን የያዘው አሮጌው አጥንት ነው፤ በጉልበት፣ ጭምቅ አድርጎ። ከዚያ ሰውነት ያን የተጎዳ አጥንት እያፈረሰ በቦታው አዲስ ይሠራል። አሮጌው መልቀቅ ጀምሯል፣ አዲሱ ገና አልጠነከረም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ገደማ ማለት ነው። ብሎኑ ከገባበት ቀን ይልቅ የሚደክመው ያኔ ነው። ያኔ ሕመም የለም፣ ዕብጠት የለም፣ የሚያስጠነቅቅህ የለም። ቁርጥ የሚጋብዝህ ብቻ አለ።»

«ያን ሁሉ ብር ከፍለው በሽሮ ሊቀሩ ነው?»

«ብሩ የገዛው ብሎኑንና የሐኪሙን እጅ ነው። አጥንት ጉቦ አይቀበልም። በዚህች አገር እጅ መንሻ የማይቀበል አንድ ቢሮ ቢኖር መንጋጋዬ ውስጥ ነው፤ ‘ሦስት ወር ቆይተህ ተመለስ’ ካለህ አለቀ።»

እትዬ ከወጡ ላይ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋች። «ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው።»

«ፍቅሩ ይጨነቅ፤ ጉርሻውን ግን ለአራት ቁረጪው።»

ባለሱቁ አሁንም አላመነም። «ይሄ ነገር አዲስ ፋሽን ነው። በእርስዎ ላይ እየሞከሩ ይሆናል።»

«አዲስ? እ.ኤ.አ. በ1952 ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ አጥንት እንዴት እንደሚድን ሊያይ የጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ ከተተ። ሥራው ሲያልቅ ሊያወጣው ቢታገል አጥንቱ ይዞ አልለቅም አለው። በ1965 ጥርስ ያጣ ሰው መንጋጋ ላይ ተከለው። የሙያ ጓዶቹ ለዓመታት ሲጠራጠሩት ኖረው፣ በ1982 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው ዓለም ጆሮ የሰጠው። ያ የመጀመሪያው ሰው በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ በነዚያው ብሎኖች በላ። በአራት ብሎን ሙሉ መንጋጋ መሸከሙን ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ማሎ የኋለኞቹን ሁለቱን አጋድሞ በማስገባት አስለመደው። ከዚህ የቆየ ነገር የማውቀው ያንተን ሱቅ ብስኩት ብቻ ነው።»

ስድስተኛው ወር

«ጋሼ፣ ጊዜያዊው ጥርስ ሥር ክፍተት ይታያል። ብልሽት ነው?» አለች ያቺው ወጣት።

«ብልሽት አይደለም። የተነቀለበት ቦታ ሲድን ድዱም አጥንቱም ይሸሻል፤ ጊዜያዊው ባለበት ስለሚቆም መሃል ላይ ምግብ የሚያድርበት ቀዳዳ ይፈጠራል። የመጨረሻው ጥርስ የሚለካው ሸሽቶ ሲረጋ ነው። በጥድፊያ ዋናውን የሚያሠራ ሰው ሁለት ጊዜ ያሠራል።»

ዋናው ሲመጣ ምርጫ ነበረው። ዚርኮኒያ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበላም፤ ቢሰነጠቅ ግን መጠገኑ ከባድ ነው። ብረት ላይ የተሠራው አክሪሊክ ቀላል ነው፣ ይጠገናል፤ ግን እየተፋቀ ይሄዳል። «የቱን መረጡ?» ቢባሉ፣ «የልጄ ኪስ የመረጠውን» አሉ።

«እንግዲህ ቢራውን በጥርስዎ ይክፈቱልና!» አለ የጋራዡ ልጅ።

«መክፈቻ መግዣ ካጣህ ዕድሩ ያዋጣልህ። ማታ በእንቅልፌ ጥርሴን እንዳላፋጭ እንኳ የሚነከስ ፕላስቲክ ተሰጥቶኛል፤ አንተ ቆርኪ ታመጣለህ።»

እትዬም አላለፈቻቸውም። «አሁንማ ድንጋይ ይሰብራሉ።»

«ችግሩ ድንጋይ መሆኑን አለማወቄ ነው! በተፈጥሮ ጥርስ ሥር ዙሪያ ስስ ጅማት አለች፤ ጠጠር ገና ሲነካ ‘ተው’ የምትል። ብሎን ያቺ የለችውም፤ አጥንት ላይ በቀጥታ ነው የተጣበቀው። ስለዚህ ምስርሽን ደህና አድርገሽ ልቀሚው።»

«የኔ ምስር ጠጠር የለውም። ጠጠር የሚወረውረው የእርስዎ አፍ ነው።»

ይቺንም ዋጡ። ሳያላምጡ።

ዓመትና ከዚያ ወዲያ

የቨርጂኒያው ሰውዬ መቦረሻውን አይተው ሳቁ። «የማይበሰብስ ጥርስ ምን ያስቦርሻል?»

«ጥርሱ አይበሰብስም፤ ድዱ ግን የኔው ነው። ቆሻሻ ከሥሩ ከተቀመጠ ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል። ቁጣው ወደ አጥንቱ ከወረደ ደግሞ አጥንቱን እየበላ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ሳያምህ። መፋቂያ ላይ ላዩን ነው የሚያብሰው። ለሥሩ ቀጭኗ ብሩሽ፣ ወፍራሙ ክርና ውሃ የሚረጨው ማጽጃ አለ። በየስድስት ወሩ ሐኪም ያየዋል፤ አልፎ አልፎ ራጅ ያነሳዋል።»

«የተፈጥሮውን እንዲህ ብታጸዳው ኖሮስ?»

«በዚህ ጥያቄ ሚስቴ ቀድማሃለች። መልሱን ስታገኝ ለሷ ንገርልኝ።»

«ለመሆኑ ብሎኑ የማን አገር ነው?»

ጋሼ ከኪሳቸው አንድ ካርድ አወጡ። «ፓስፖርቱ ይኸው! የሠሪው ስም፣ መጠኑ፣ መለያ ቁጥሩ። ከዓመታት በኋላ አንዷ ማሰሪያ ብትላላ በየትኛው ካቻቢቴ እንደምትጠብቅ ለሐኪሙ የሚነግረው ይሄ ነው። ኢስታንቡል ተተክሎ፣ አዲስ አበባ ላልቶ፣ ቨርጂኒያ የሚጠበቅ ብሎን ወረቀት ከሌለው ማን ይቀበለዋል?»

«ካቻቢቴ እኔ አለኝ!» አለ የጋራዡ ልጅ።

«አንተ ጋ ከመጣሁ አፌ በሽቦ ታስሮ፣ ተገፍቶ ነው የሚነሳው።»

ደላላው ነገሩን ወደ ሥራ መለሰው። «አሁን በአጭሩ፣ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

«ከፍለህ ንገረኝ። አጥንት ውስጥ ያለው ብሎን በደንብ ከተያዘ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው አሥር ዓመት ይሻገራል። ላዩ ላይ ያለው ጥርስ ግን ይፋቃል፣ ይሰነጠቃል፤ መጠገኛና መቀየሪያ ከአሁኑ ማስቀመጥ ነው። አንዴ ከፍዬ ተገላገልኩ የሚል ሰው ገና ሁለተኛውን ሒሳብ አላየም።»

«እኔ እንኳ እዚያ መንገድ ማዶ ያለውን ክሊኒክ ጠይቄ ነበር፤ የዕድሜ ልክ ዋስትና እንሰጣለን አሉኝ።»

«የማን ዕድሜ? ያንተ፣ የብሎኑ ወይስ የክሊኒኩ?»

ደላላው ሒሳቡን ከፍሎ ተነሳ። «የክሊኒኩስ እንኳ አጭር ነው፤ ቤቱን ከመጪው ወር ጀምሮ ለሌላ ሰው አስማምቼዋለሁ።»