ስሙን የማይጽፈው ደራሲ

ደራሲ ሁሉ ስሙ በሽፋን ላይ ጎልቶ እንዲታተምለት በሚሟገትበት በዚህ ዘመን፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ አንድ ትሑት ደራሲ ይኖራል። ድርሰቶቹ በአርሊንግተን የጥገኝነት ቢሮ በጥሞና ይነበባሉ፤ ስሙ ግን የትም አይገኝም። ሰዉ «ኬዝ የሚጽፈው ልጅ» ይለዋል። ለእሱና ፊርማውን ለሚያከራየው ወዳጁ ጠበቃ ምስጋና ማቅረብ የወገን ግዴታ ነው።

መቼም ሥራ አያጓትትም። አሜሪካ የገባ ሰው የጥገኝነት ማመልከቻውን በአንድ ዓመት ውስጥ ማስገባት አለበት ይላል ሕጉ። ወጉን የሚያውቅ ጠበቃ ቢሆን «የት ታሰርክ? ማን መታህ? ማን አየ?» እያለ ባለጉዳዩን ሲያደክመው ይውላል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ጭካኔ አልፈጠረበትም። አንድ የተፈተነ ታሪክ አለው፦ በሌሊት በር ይሰበራል፣ ጨለማ ክፍል አለ፣ በመታወቂያ ዋስ መፈታት አለ፣ በቦሌ መውጣት አለ። የወለጋውም፣ የጎንደሩም፣ የመቀሌውም በዚያው ጨለማ ክፍል በየተራ ይታሰራሉ። ባለጉዳዩ የምር የተገረፈ ከሆነስ? ችግር የለም፤ የራሱ ቁስል «ለኬዝ አይመችም» ይባልና የሌላ ሰው ቁስል ይሰጠዋል።

በቀን ስሌትም እጁ ፈጣን ነው። ከሐበሻው ዓመት ላይ ሰባት ይደምራል፣ አለቀ። ፈረንጅ ዓመቱን ከለወጠ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ የሚደመረው ስምንት መሆኑ ለእሱ ተራ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ጥር 10 ቀን 2010 የታሰረው ሰው በጃንዋሪ 2018 መታሰሩ ይቀርና በጃንዋሪ 2017 ይታሰራል፤ ፓርቲ ከመግባቱ በፊት በፓርቲ አባልነቱ ይገረፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሪል አይዲ ሕግ ደግሞ ዳኛው ከዋናው ጉዳይ ጋር ያልተያያዘ መዛባትን እንኳ ቆጥሮ «አላምንህም» እንዲል ይፈቅድለታል። ደራሲያችን ይህን የሂስ ዓይነት አይፈራም፤ ዳኛ ፊት የሚቆመው እሱ አይደለማ!

ጠበቃውም ቢሆን ለገለልተኛነቱ ሊወደስ ይገባል። ቀድሞ ቢተዋወቅ አድልዎ እንዳይገባበት ይመስላል፣ ባለጉዳዩን የሚያየው በኢንተርቪው ጠዋት ነው። «ስምህን ማን አልከኝ?» ይለዋል። ክፍያውን ግን ስሙን ሳያውቅ ተቀብሏል።

የትሕትናው ጥግ የሚታየው አይ-589 በሚባለው ቅጽ ክፍል ኢ ላይ ነው። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ እንዲፈርም ይጠየቃል፤ እሱ ባዶውን ይተወዋል። ባለጉዳዩ ግን ባላነበበው እንግሊዝኛ ሥር «እውነት ነው» ብሎ ይፈርማል። አውቆ ሐሰተኛ ማመልከቻ አቀረበ ከተባለ በኢሚግሬሽን ሕግ ከሚገኝ ጥቅም ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ክብሩን ሁሉ ለባለጉዳይ መተው ይሏል ይህ ነው!

የአሜሪካ መንግሥትም ተሰጥኦ ያደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ዮርክ ለቻይናውያን የጥገኝነት ታሪክ ይፈበርኩ የነበሩ ጠበቆች፣ ረዳቶቻቸውና አስተርጓሚዎች ሲያዙ፣ ምርመራው የተሰየመው «ልብ ወለድ ጸሐፊ» ተብሎ ነበር። ነገሩ በደራሲዎቹ አላበቃም። ከዓመታት በኋላ፣ ቤተሰብን ጨምሮ ከ13,500 በላይ ሰዎች ጉዳያቸው እንደገና ሊፈተሽ ተነሣ። ከእነዚያ መካከል የእውነት የተሰደደውን ከፈጠራው የሚለየው ማን ነው?

ሽሙጡ እዚህ ላይ ይብቃ። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካይ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እንደ ወንጀል ችሎት በመንግሥት ወጪ ጠበቃ አያቆምልህምና ምርጫህ ብርቱ ነው። የደረሰብህን ራስህ ተናገር፤ የተጻፈውን በቋንቋህ ሳያነቡልህ አትፈርም። ያዘጋጀልህ ሰው ስሙን ጽፎ አልፈርምም ካለ ደግሞ ገንዘብህን አትስጠው።