ሐውልትን ባለ ጎማ ለማድረግ የወጣ የከተማ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

የአዲስ አበባ ሐውልቶች እንደ ነዋሪዎቿ ሁሉ ሲነሡና ሲሰፍሩ የኖሩ በመሆናቸው፤ የአራዳው ዳግማዊ ምኒልክ በጣሊያን ዘመን ከነፈረሳቸው ተነቅለው ተቀብረው ከነጻነት በኋላ የተመለሱ በመሆናቸው፤ የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ ሮም ደርሶ የመጣ በመሆኑ፤ ሌኒን በ1983 ዓ.ም. ከቆመበት ወርዶ በዚያው የቀረ በመሆኑ፤ አቡነ ጴጥሮስም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ተብለው ተነሥተው በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራቸው የተመለሱ በመሆናቸው፤ የክሬን ኪራይም ምክር ቤቱን እጅግ ያሳሰበው በመሆኑ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የአደባባይ ኪነ ጥበብን ለማልማት፣ ለማስዋብ፣ ለማዘመን፣ ለማቀናጀትና እንደ አስፈላጊነቱ ለማንሣት የወጣ አዋጅ” ተብሎ በአጭሩ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

“ኪነ ጥበብ” ማለት በካሬ ሜትር ተለክቶ ክፍያ የሚፈጸምበት፣ ማታ ማታ መብራት የሚበራበት ነገር ነው።

“ቀራፂ” ማለት የታደሰ ንግድ ፈቃድ ያለው የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው።

“የአገር ውስጥ ቀራፂ” ማለት በምርቃቱ ዕለት ከኋላ ወንበር የሚሰጠው ሰው ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን አንበሳ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ፣ የስድስት ኪሎውን የሰማዕታት ሐውልት ዩጎዝላቮች ሠርተዋል። በ1977 ዓ.ም. የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያውያን እጅ ተቀርፆ ሲመረቅ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት 26 ዓመት አልፎት ነበር። መረጃው ለሚመለከተው ክፍል ገና አልደረሰም።

አንቀጽ 3፤ ስለ ጎማ

ማንኛውም ሐውልት ከሥሩ ስድስት ጎማና የእጅ ፍሬን ይኖረዋል። ለፈረሰኛ ሐውልት አራት ጎማ ይበቃል።

የሐውልት አንገት በብሎን ይታሰራል። ዘመን ሲለወጥ የሚፈታው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፤ ካፖርቱ ባለበት ሥራውን ይቀጥላል። የካርል ማርክስ ሐውልት ከደርግ በኋላም ሳይነሣ የቀረው ቀድሞውኑ ራስ ብቻ ስለሆነና የሚቀርለት ካፖርት ስላልተገኘ እንደሆነ የምክር ቤቱ ቴክኒክ ክፍል ገምቷል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ጀበና

ባዶ የተገኘ አደባባይ ጀበና ይቆምበታል። ጀበና ካለበት ሲኒ፣ ሲኒ ካለበት ረከቦት ይጨመርለታል።

ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ሰው ከቆመ ወዲያው “የማን ወገን ነው?” ይባላል፤ አንዱ አበባ ሲያኖርለት ሌላው ድንጋይ ያነሣበታል። ጀበና ግን ማንንም አላስገበረም፣ ማንንም አልማረከም። ምክር ቤቱ በታሪክ ላይ ሦስት ቀን ተከራክሮ ሳይስማማ፣ በጀበና ላይ ግን በአምስት ደቂቃ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል። በቡና ሰዓት የተወሰነ ነው የሚለው ወሬ እውነት ቢሆንም መወራቱ አግባብ አይደለም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ቀለም

ግድግዳ ግራጫ ይቀባል። ሠዓሊ በግራጫው ላይ በግራጫ የመሣል መብቱ የተጠበቀ ነው።

አንቀጽ 6፤ ስለ መራጭ ኮሚቴ

ኮሚቴው ከመንገድ፣ ከውሃ፣ ከመብራት፣ ከአረንጓዴ ልማትና ከፋይናንስ ይውጣጣል። ሠዓሊ አባል ሊሆን አይችልም፤ ስለ ሥዕል ያውቃልና የጥቅም ግጭት አለበት።

አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ነው። ለሙከራ ያህል አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል በዚህ መስፈርት ተገምግሞ፣ ከተራ የአሉሚኒየም መስኮት ጋር ሲነጻጸር ውድ ሆኖ በመገኘቱ ከውድድር ውጪ ተደርጓል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ጥገና

ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 8፤ የተከለከሉ ድርጊቶች

የሕዝብን ሐውልት ፎቶ ለማንሣት ስልኩን ያወጣ ሰው ጥበቃው “ክልክል ነው!” ይለዋል። ለምን ብሎ መጠየቅም ክልክል ነው፤ ጥበቃውም አልተነገረውም።

ሐውልቱን ቀና ብሎ ሲያይ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውስጥ የገባ መንገደኛ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። በረቂቁ ላይ አስተያየት ያለው ነዋሪ ሐውልቱ በተመረቀ ማግስት፣ በሥራ ሰዓት፣ የታደሰ መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ወረዳው ድረስ ይቅረብ።